መቶ ስልሳ ጥያቄ፣ አንድ ዳዶ

በዚህ ቆላ ሰው በጥይት፣ በወባና በእባብ ሲሞት አይቻለሁ። በሒሳብ ሊሞት ሲል ግን ያየሁት ራሴን ብቻ ነው። ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ልጆቼ «አባባ ዛሬም አጋነነው» እያሉ ይሳሳቃሉ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር። እኔ አስማረ የዚያ እርሻ የትራክተር ሹፌር ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሸሕዲ ሄጄ ከርከዴ የምጠጣ፣ አፌ የማያርፍ ጎረምሳ። አያርፍም ስላችሁ እውነቴን ነው። ካድሬው በስብሰባ ላይ ሲናገር ከኋላ ሆኜ የምወረውራት አንዲት ቃል ሹፌሩን ሁሉ ታስቅ ነበር። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለው ተረት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሹፌሮቹ ሃያ ነበርን። ማሳው ሰፊ ነው፤ ግማሹ ከካምፑ አጠገብ፣ ግማሹ ከጫካው ጥግ። ከጫካው ጥግ ተኩስ ይሰማል፤ አንድ ትራክተርም እዚያ ፈንጂ ረግጦ ያውቃል። ስለዚህ ማን ወዴት እንደሚሄድ አለቃ አይወስንም፣ ሹፌርም አይመርጥም። በየጠዋቱ ዕጣ እንጥላለን። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ባርኔጣ ውስጥ ይጨምራል፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ተጠርቶ ያወጣል። የኔ ምልክት የተሰበረ ቁልፍ ቁራጭ ነበረች። የጓደኛዬ የጌታቸው ደግሞ የነሐስ ዳዶ፣ ከብሎን ላይ የወለቀች፣ በጨርቅ እየወለወለ የሚያብረቀርቃት። ዕጣ የወጣበት ሰው አያጉረመርምም። ዕጣ የእግዜር ጣት ነው ይባላል፤ ከእግዜር ጋር ደግሞ ማን ይሟገታል?

ጌታቸው የሳንጃ ልጅ ነው፣ ለእናቱ አንድ። ከሱዳን ነጋዴዎች በለቀማት ዓረብኛ ለሁሉም ነገር መልሱ «ማፊ ሙሽኪላ» ነበር፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ጎማ ሲፈነዳበት ማፊ ሙሽኪላ፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ማፊ ሙሽኪላ። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እንተኛ ነበር። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ ከዚያ ይበልጥ የምወደው አይመስለኝም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ብልሽት በዛ። ትራክተሮቹ አርጅተዋል፣ መለዋወጫ የለም፣ ናፍጣው በበርሜል ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይገባዋል። ይህን እኛ ሁላችን እናውቃለን። ከላይ የመጣው ቃል ግን ሌላ ነበር፤ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር አለ፣ አሻጥረኛው ይታወቅ የሚል። ከኛ በፊት በአሻጥር የተጠረጠረ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከጎንደር በመጣች ግራጫ ላንድሮቨር ተወስዶ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ሄዳ፣ ስንቁን ይዛ ተመለሰች።

የእርሻው ካድሬ ጓድ በላቸው ይባላል። ጯሂ ቢሆን ኖሮ በተሻለ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ልብሱ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ውጭ አገር ለጥቂት ወራት ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። እዚያ ከተማረው ሁሉ የወደደው የዕድል ሒሳብ ነው። «እኛ በሐሜት አናስርም፤ በሳይንስ ነው የምንሠራው» ይል ነበር። እውነትም ጋራዡ የመዘገበውን ብልሽት ሁሉ አስመጥቶ ከቢሮው ሳይወጣ ሰነበተ። ሲወጣ ስም ይዞ ወጣ፤ የኔን።

ከእርሻ ላይ ጠርተው ወሰዱኝ። እጄ በግራሶ እንደተለወሰ ፊቱ አቆሙኝ። ተቀመጥ አለኝ፣ ውኃ አስቀዳልኝ፣ ከዚያ ጀመረ።

«ጓድ አስማረ፣ በሁለት ዓመት ዘጠኝ የነዳጅ ፖምፓ ተቃጥሏል። ሦስቱ ባንተ እጅ ነው። ሹፌሩ ሃያ ነው። ይህ በአጋጣሚ ባንድ ሰው ላይ የመድረስ ዕድሉ ስንት ይመስልሃል?»

አላውቅም አልኩት።

«ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።»

ናፍጣው ውኃ እንዳለበት ነገርኩት። ናፍጣው የሚመጣው ለሃያችሁም ነው፣ ታዲያ ለምን ባንተ ሦስት ጊዜ? አለኝ። ለክፉም ለደግም መልስ የማያጣው አፌ ተሳሰረ። የሚያስፈራው ደግሞ ሒሳቡ ልክ መሆኑ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ራሴን እስክጠራጠር ድረስ ልክ ነበር፤ ምናልባት አያያዝ አላውቅ ይሆን እንዴ፣ ምናልባት ሳላስበው የማደርገው ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ።

የዘር መጋዘኑ ውስጥ ቆለፉብኝ። ለተባይ የተረጨው መድኃኒት ሽታ ዓይን ያስነባል። ጥበቃው ጋሽ ውቤ፣ ከደጋ የወረዱ ሽማግሌ፣ በሩን ሲዘጉ ላንድሮቨሯ ጭቃው ጠጠር እንዳለ እንደምትመጣ በለሆሳስ ነገሩኝ። ክረምቱ መግባቱ ነው፤ የኛ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ መኪና አያስኬድም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ጠላቴ ሆነች። በቆርቆሮው ቀዳዳ ጨረሯ ሲገባ ፊቴን አዞራለሁ፤ ደመና ሲያጉረመርም እፎይ እላለሁ። ገበሬ ለአዝመራው ዝናብ ይለምናል፤ እኔ ለአንገቴ ለመንኩ። ዘነበልኝ፤ አንድ ቀን ዘነበ፣ ሁለተኛውንም ዘነበ።

በዚያው ጭቃ ምክንያት አንድ እንግዳም ካምፑ ውስጥ ታግዶ ነበር። አቶ ፍሬው ይባላሉ፤ ለዕቅድ ሥራ የተዘራውን መሬት ሊለኩ ከጎንደር የመጡ የስታቲስቲክስ ባለሙያ። ጠና ያሉ፣ የመነጽራቸው አንድ እግር በሽቦ የታሰረ፣ ሲናገሩ ደጋግመው የሚያስሉ ሰው ናቸው። መጋዘኑና ቢሮው የሚካፈሉት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለነበር ጓድ በላቸው ሲያስጠራቸው የተባባሉትን ሁሉ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ካድሬው ሒሳቡን አሳያቸውና ባለሙያ አይቶታል እንዲባል ፈርሙልኝ አላቸው። እሳቸው ወረቀቱን ተቀበሉ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ስሌቱ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጓድ በላቸው። ይህን ሰው ከማግኘትዎ በፊት ስንት ሰው፣ ስንት ዓይነት ብልሽት አዩ?»

«ሁሉንም ነዋ። ሃያውንም ሹፌር፣ ስምንቱንም ዓይነት። ፖምፓ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ቺንጊያ፣ ሞተሪኖ፣ የማረሻ ዲስክ። አንድም አልዘለልሁም።»

«እንግዲያው መቶ ስልሳ ጥያቄ ጠይቀዋል። አስማረ ፖምፓ ይሰብራል ወይ ብለው አይደለም የጀመሩት። ከሃያው አንዱ፣ ከስምንቱ አንዱን ይሰብር ይሆን ብለው ነው። ከመቶ አንዴ የሚሆን ነገር መቶ ስልሳ ጊዜ ሲፈለግ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይገኛል። ማንም ምንም ባያጠፋ እንኳ ይገኛል።»

ጓድ በላቸው ሳቀ። ስለዚህ ማንም አሻጥረኛ ሊያዝ አይችልም ማለትዎ ነው? አላቸው። አይደለም፣ ይያዛል አሉ፤ ግን ጥያቄው በበዛ ቁጥር ወንፊቱ መጥበብ አለበት። ለአንድ ጥያቄ የሚበቃ ማስረጃ ለመቶ ስልሳ አይበቃም፤ መቶ ስልሳ ጊዜ የጠነከረ ያስፈልጋል። ሦስት ፖምፓ በሰፊው ወንፊት ያልፋል፣ በጠባቡ አያልፍም። ካድሬው ይህ የቃል ጨዋታ ነው፣ እኔ በዓይኔ የማየውን ነው የማምነው ቢላቸው ጊዜ፣ እሳቸው አስለው አስለው በዓይንዎ ላሳይዎ አሉት። «እነዚህ ልጆች በየጠዋቱ የሚጥሉትን ዕጣ አይቻለሁ። ብልሽቱን ሁሉ ለዕጣ እንስጠው።»

አቶ ፍሬውን አልወቅሳቸውም። የከተማ ሰው ናቸው፤ ዕጣ ለሳቸው ዕድልን ማሳያ ነው። ለኛ ምን እንደሆነ በምን ያውቁታል?

በማግስቱ ጠዋት የትራክተሮቹ ዳስ ሥር ሹፌሩ በሙሉ ተሰበሰበ። እኔንም አወጡኝ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ዝናቡ አባርቶ ንፋስ ይነፍሳል፣ ጭቃው ከላዩ መሰንጠቅ ጀምሯል። ያንን ሳይ የሚሉት ሁሉ ከጆሮዬ ራቀ። ጌታቸው ጠቀሰኝ፣ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ።

ሃያችንም ምልክታችንን የጋሽ ውቤ ባርኔጣ ውስጥ ጨመርን። አቶ ፍሬው ሥራውን ለሁሉም አስረዱ። በሁለት ዓመት የደረሰው ብልሽት አንድ በአንድ ይጠራል፤ ለያንዳንዱ ጓድ በላቸው ፊቱን አዙሮ አንድ ምልክት ያወጣል፤ ምልክቱ የወጣበት ሰው እንደ ሰበረው ይቆጠራል፤ ምልክቱ ተመልሶ ይገባና ቀጣዩ ይጠራል። የየዓይነቱ ብልሽት ዘጠኝ ዘጠኝ ያህል ነው። ማንም አሻጥር ያልሠራበት፣ ሁሉ ነገር ዕድል ብቻ የሆነበት እርሻ ምን እንደሚመስል እናያለን አሉ።

ዕጣው ተጀመረ። ፖምፓ ተጠራ፤ ተበታተነ። ፍሪሲዮን ተጠራ፤ ተበታተነ። ጎማ ላይ ሲደርስ የነሐሷ ዳዶ ወጣች። ቀጥሎም ወጣች። ከመሐል ሌላ ሌላ ወጣና ደግማ ወጣች። ከዘጠኙ ጎማ የመጨረሻው ሲጠራ ጓድ በላቸው እጁን አወጣና መዳፉን ዘረጋ፤ ዳዶዋ ናት። አራተኛዋ።

«አያችሁ?» አሉ አቶ ፍሬው፣ ደስ ብሏቸው። «ይህ ከአስማረ ሦስት ፖምፓ የባሰ ነው። ይህ ልጅ ግን ምንም አላደረገም። ባርኔጣው ነው ያደረገው።»

እኔ ጌታቸውን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በስተግራው የቆመው ሹፌር በትንሹ ፈቀቅ አለ፣ በስተቀኙ ያለውም እንዲሁ። ጋሽ ውቤ ባርኔጣውን እንደያዙ በሌላው እጃቸው አማተቡ።

አቶ ፍሬው ግራ ገባቸው። ነገሩ ያልገባን መስሏቸው እንደገና እንድገመው አሉ። ተደገመ፤ ከወሎ የመጣ አንድ ሹፌር በፍሪሲዮን ሦስት ወጣበት። ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ፤ ሁለት ሰው፣ አንዱ በባትሪ አንዱ በቺንጊያ። በየዙሩ ሌላ ጥፋተኛ ይወጣል፤ ለማሳየት የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ግን እኮ ማንም አያይም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዕጣ ለሰዉ ጨዋታ ነበር። ዓይን ሁሉ ጌታቸው ላይ ነው።

ጋሽ ውቤ በመጨረሻ ተናገሩ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕጣ አንድ ጊዜ ነው። ወጣ፣ አለቀ። ደግሞ ማውጣት እግዜርን መፈታተን ነው።»

አቶ ፍሬው መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል። ወደ ጓድ በላቸው ዞር ብለው አጠገቡ ስለነበርኩ እኔም በምሰማው ድምፅ፣ በፍጥነት ተናገሩ። ጥርጣሬ ካለዎት አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዙ አሉት፤ ይህ ሰው፣ ፖምፓ። ሌላ አይጨምሩ። ከዛሬ ወዲያ ዘር እስኪያልቅ በሚሠራው ሥራ ይፈትኑት። «ያለፈው ብልሽት ጥርጣሬውን የወለደ ነው፤ እናት ደግሞ ለልጇ ምስክር አትሆንም። ለአዲስ ጥርጣሬ አዲስ ምስክር ያስፈልገዋል።»

ጓድ በላቸው ወደ ትራክተሮቹ አየ። ዘር አልተጠናቀቀም፣ ሹፌር ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ሞኝ አልነበረም፣ ነገሩ ገብቶታል። ይፈታ አለ። አንድ ፖምፓ እንኳ ባንተ እጅ ቢቃጠል ግን አለኝና ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ ባርኔጣውን ከጋሽ ውቤ ተቀበለ። እግዜር የሚባል የለም እያለ በየስብሰባው የሚያስተምረን ያ ሰው፣ ምልክቶቹን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገና ዳዶዋን ለይቶ አነሳት። ወደ ብርሃን ይዞ አያት። ሁላችንም እያየነው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታትና ሄደ።

ላንድሮቨሯ በማግስቱ መጥታ አቶ ፍሬውን ብቻ አሳፍራ ተመለሰች። ሲሄዱ ትከሻዬን ነክተው አይዞህ አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ጌታቸውን ይፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትራክተር ላይ ስወጣ የምሰማው ፖምፓውን ብቻ ነው። ናፍጣውን በነጠላ ጨርቅ አጣርቼ እቀዳለሁ፤ ሞተሩ አንዴ ቢያስነጥስ ወርጄ እፈትሸዋለሁ። ንጹሕ መሆኔ አያድነኝም፤ ንጹሕ ሰው ላይም ፖምፓ ይቃጠላል። ያም ሆኖ አሁን የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀድሞ ሃያችንም መቶ ስልሳ ወጥመድ ውስጥ ነበርን፣ ሳናውቀው።

ጌታቸው ላይ ግን ወጥመዱ ገና መዘርጋቱ ነበር። የማንም አፍ ክፉ አልተናገረውም፤ ብቻ ገበታው ላይ ቦታ ይሰፋለታል። ጠዋት ዕጣ ስንጥል ምልክቱ ካድሬው ኪስ ውስጥ ናትና ሌላ ዳዶ አመጣ፤ የተጠሩት መንገደኞች ባርኔጣው ውስጥ እጃቸውን ለመክተት ፈሩ፤ ወሬው ሸሕዲ ደርሶ ኖሯል። አንድ እሑድ ከክፍላችን ደጃፍ ተቀምጠን አቶ ፍሬው ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አንድ ሰው የግድ ይወጣ እንደነበር፣ በሁለተኛው ዙር ሌላ ሰው እንደወጣ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ገብቶኛል አስማረ። ግን ለጊዮርጊስ የተሳለልኝን ጃንጥላ ሳላስገባ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እናቴ በወባ ልሞት ስል የተሳለችልኝ ነው፤ ብሩን ጠጣሁት። መጠጣቴን ካንተና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም። ታዲያ እጁ እንዴት ያንን ሁሉ ምልክት አልፎ እኔን አራት ጊዜ አገኘኝ?»

«በዕድል ነዋ፣ ወንድሜ።»

«ዕድልስ የማን ነው?» አለኝ።

ይህን ለመመለስ ስምንተኛ ክፍል አይበቃም። የትኛው ክፍል እንደሚበቃም እርግጠኛ አይደለሁም። እጁን ያዝኩት፤ ያን ዕለት ማፊ ሙሽኪላ አላለም።

ዘሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጌታቸው ውኃ ሊቀዳ በታንከሩ ወደ ጓንግ ወንዝ ተላከ። በጠራራ ፀሐይ ነው የሄደው። ሲዘገይ ሊፈልጉት ወረዱ። ትራክተሩ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም፣ ደህና ይሠራል፣ ጎማዎቹ አራቱም ደህና ናቸው። ጫማው መሬት ላይ ተቀምጧል። የእግር ዱካው ውኃ ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው ዳር ወጥቶ ወደ ሱዳን ይሄዳል።

በዚያው ማታ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ በላቸው እንደወትሮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሻጥረኛው ራሱን አጋለጠ አለ። ንጹሕ ሰው አይሸሽም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ እኔም ነጻ ነኝ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ዕጣው ልክ ነበር፣ ሳይንሱም ልክ ነበር፣ ሁሉም እንደየእምነቱ ረክቶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጓድ፣ ጌታቸውን ያወጣው እኮ ባርኔጣው ነው፣ ልጁ ምንም አላደረገም ብለው ባለሙያው ራሳቸው ነግረውናል አልኩ። ጓድ በላቸው የተናገርኩትን እንዳልሰማ ሆኖ ወደኔ መጣና ኪሱ ገብቶ ዳዶዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ጓደኛህ ነበር» አለኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ርኅራኄ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔን ያዳነኝ እንግዲህ ሒሳቡ አይደለም። ሒሳቡ አንድ ክረምት አቆየኝ፤ ነጻ የወጣሁት በጌታቸው ጀርባ ነው። ይህን እያሰብኩ ነው ያረጀሁት።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ወዲህ ጠባዬ ተለወጠ። ሰው ሌባውን አገኘሁት ሲለኝ ስንት ሰው ከፈተሽክ በኋላ? እላለሁ። ይህ ቅጠል ፈወሰኝ ሲሉኝ ከዚያ በፊት ስንት ቅጠል ሞከራችሁ? ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሚስቴ በዚህ የተነሳ ጨቅጫቃ ትለኛለች። እናንተም አጥብቆ የፈለገ ሰው አንድ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ያገኘውን ብቻ አትዩ፤ የፈለገበትን ቦታ ሁሉ ቁጠሩ። ያገኘው ሰው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ጓድ በላቸው አንድ ቁጥር አልዋሸም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሳንጃ ሄድኩ፣ ወደ ጌታቸው እናት፣ ወደ እማማ ደብሬ። ልጃቸው ገዳሪፍ ላይ በንዳድ መሞቱን ነጋዴዎች ከዓመታት በፊት ነግረዋቸዋል። ለቅሶ ግን አልተቀመጡም ነበር። ሰዉ ዕጣ የወጣበት እያለ ሲያማው ኖሯል፤ እሳቸውም አንድ ነገር ቢያደርግ ነው ብለው በልጃቸው ተቀይመው፣ አፍረው፣ በራቸውን ዘግተው ኖረዋል። ዳዶዋን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እያዟዟሩ አዩዋት።

«ልጄ፣ አንተ አብረኸው ነበርህ። አትደብቀኝ። ምን አድርጎ ነው ዕጣው እሱን ያነሳው?»

ምንም አላደረገም አልኳቸው። ሃያ ምልክት እንደነበር፣ ብዙ ጊዜ እንደወጣ፣ አንዱ የግድ ይበዛበት እንደነበር በምችለው ሁሉ አስረዳኋቸው። ሲደገም ሌላ ሰው፣ ሲሠለስ ሌላ ሰው መውጣቱን ነገርኳቸው። ይህን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ወሬው ሳንጃ የደረሰው የመጀመሪያውን ዕጣ ብቻ ይዞ ነው።

«ሌላም ሰው ወጣ?»

«ሌላም ወጣ እማማ።»

«ታዲያ የኔን ልጅ ለምን?»

«ለምንም።»

ልባቸውን የሰበርኩት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለምንም የሚለው ቃል ለእናት የሚነገር አይደለም። እሳቸው ግን ቃሏን ደጋግመው በዝግታ ተናገሯት። «ለምንም» አሉ። «እንግዲያ ጊዮርጊስ በስለቱ አልተቆጣውም።»

«አልተቆጣውም እማማ።»

ዳዶዋን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሯት። ቀስ ብለው ተነሱና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ከዚያ ለዓመታት የዘጉትን በር ወለል አድርገው ከፈቱትና ወደኔ ዞሩ።

«ሂድ፣ ጎረቤቶቼን ጥራልኝ» አሉኝ። «የልጄን ለቅሶ ልቀመጥ።»

ሄጄ በየደጁ ጠራሁላቸው።